ኩፍኝ ከአር-ራዚ ኪታብ እስከ ጣና ዳር፦ የአንድ ቫይረስ የዘር ሐረግ



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ባሕር ዳር ላይ ጣና ዳር ተቀምጠን ስናወጋ አንድ ወንድማችን ጥያቄ አነሣ። «ኮሮና ዝርያውን ሲቀያይር፣ ክትባቱም አብሮ ሲቀየር አይተናል። የኩፍኝ ክትባት ግን የአያቶቻችን ዘመን ነው። ለዛሬው ኩፍኝ ይሠራል እንዴ?» አለን። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እህቱ ልጇን ለማስከተብ እያመነታች ነው። ስለዚህ ዛሬ የኩፍኝን ታሪክ ከሥሩ እናያለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ሁለቱን በሽታዎች የለየው ሐኪም

ነገሩ የሚጀምረው ከኛው ኪታቦች ነው። አቡበክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቴህራን አቅራቢያ በሬይ ከተማ ተወለደ። በባግዳድ ሆስፒታልም በኃላፊነት ሠርቷል። «ኪታቡል ጁደሪ ወል ሐስባ» የተባለ መጽሐፍ ጻፈ። ጁደሪ ፈንጣጣ ነው፤ ሐስባ ኩፍኝ ነው።

ያኔ ሁለቱም ትኩሳትና ሽፍታ ስለሚያመጡ ይምታቱ ነበር። አር-ራዚ በሽተኞቹ አልጋ አጠገብ ሆኖ ልዩነታቸውን መዘገበ። የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ ይብሳል፤ ማቅለሽለሽና መንፈስ አለመረጋጋት በኩፍኝ ይበረታል አለ። መንስኤውን ግን እንደ ዘመኑ ሐኪሞች ከደም መፍላት ጋር አያይዞታል። ቫይረስ የሚባል ነገር ገና አይታወቅም። ምልክቱን ለይቶ በመጻፉ ግን ከሺህ ዓመት በኋላ የመጡ ሳይንቲስቶች ሳይቀሩ እሱን ያነሳሉ።

◆ የሳንባው ምስክርነት

በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች የቫይረሱን ዘረመል ከቅርብ ዘመዱ ጋር አነጻጽረው ኩፍኝ ራሱን የቻለ ቫይረስ የሆነው በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ነው አሉ። እዚህ ላይ ችግር መጣ። አር-ራዚ የሞተው በ925 ገደማ ነው። ቫይረሱ ከእሱ በኋላ ከተፈጠረ፣ ሐስባ ብሎ የጻፈው ምንን ነበር?

መልሱ የመጣው ከአንዲት ሕፃን ሳንባ ነው። በሰኔ 1912 በርሊን ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ ከኩፍኝ በኋላ በመጣ የሳንባ ምች ሞተች። ሐኪሞች ሳንባዋን በፎርማሊን አስቀመጡት። ከመቶ ዓመት በላይ በሕክምና ሙዚየም ከቆየ በኋላ በሮበርት ኮህ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከሳንባው የቫይረሱን ሙሉ ዘረመል አነበቡ።

ይህ አሮጌ ናሙና ለቆጠራው እንደ መነሻ ሚስማር ሆነ። ቫይረሱ በ1912 ምን ይመስል እንደነበር ስለታወቀ የለውጡን ፍጥነት በተሻለ ሁኔታ ማስላት ተቻለ። በ2020 የታተመው ውጤት ኩፍኝ ከዘመዱ የተለየበትን ጊዜ ወደ ኋላ ገፍቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ አደረሰው። የግምቱ ግራና ቀኝ ሰፊ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ቢሆንም ከአር-ራዚ ዘመን ብዙ ይቀድማል። የባግዳዱ ሐኪም ኩፍኝን ማየቱን የሚከለክል ነገር አልቀረም።

◆ ከከብት የመጣ ዘመድ፣ የኛ ክፉ ቀን

ያ «ቅርብ ዘመድ» ማን ነው? የከብት ደስታ በሽታ ነው። አያቶቻችን ያውቁታል። በ1887 እና 1888 ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው የታመሙ ከብቶች ገብቶ የሀገራችንን ከብት ፈጀ። ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቁና አንበጣው ተጨመረ። እስከ 1892 የዘለቀው ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው ሳያልቅ አልቀረም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

ኩፍኝ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሰውና ከብት ተቀራርበው በሚኖሩበት ዘመን ወደ ሰው ተሻግሮ በዚያው ቀረ። ዛሬ ከሰው በቀር የሚኖርበት ቤት የለውም። የደስታ በሽታ መጨረሻ ደግሞ ትምህርት ይሰጣል፤ በክትባትና በክትትል ተሸንፎ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

◆ ደሴትና ከተማ

ኩፍኝ ከከብት ሊለይ የቻለው ለምን በዚያ ዘመን ሆነ? ምክንያቱ የከተማ ማደግ ሊሆን ይችላል። ኩፍኝ የያዘው ሰው ወይ ይሞታል ወይ ይድናል፤ ከዳነ ሁለተኛ አይያዝም። ስለዚህ ቫይረሱ ሁልጊዜ አዲስ ሕፃን ይፈልጋል። ሳይቋረጥ ለመኖር ከ250,000 እስከ 500,000 ሰው ያለበት ማኅበረሰብ እንደሚያስፈልገው ይገመታል። እንዲህ ያሉ ከተሞች ብቅ ያሉት በዚያው ጊዜ አካባቢ ነው።

ይህን ለመረዳት ጣናን ማየት ይበቃል። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ደቅ ደሴት የደረሰ አንድ ኩፍኝ ያለበት ልጅ አለ እንበል። በሽታው በደሴቱ ያልተያዙትንና ያልተከተቡትን ሁሉ ይዳስሳል። ከዚያ የሚይዘው ሲያጣ ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ በጀልባ ነው የሚመጣው፤ ደሴቱ ላይ ተደብቆ አልቆየም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1846 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ባሉት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገባ። ከ7,800 ከማይሞሉት ነዋሪዎች ወደ 6,000 የሚሆኑት ታመሙ። የዴንማርኩ ሐኪም ፒተር ፓኑም ሄዶ ሲያጣራ በ1781 በነበረው ወረርሽኝ የተያዙ ሽማግሌዎች በሽታው እንዳልነካቸው አየ። ከ65 ዓመት በኋላም ጥበቃው አለ!

◆ የቫይረሱ ሰነድ

ኩፍኝ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? ደረሳ የነበራችሁ በቀላሉ ትረዱታላችሁ። የሐዲስ ሰነድ ማን ከማን እንደሰማ ይነግረናል። በእጅ የሚገለበጥ ኪታብም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ገልባጭ አንዲት ፊደል ከሳተ፣ ከእሱ የገለበጡት ሁሉ ያችን ስሕተት ይዘው ይቀጥላሉ። ስሕተቷን ተከትሎ ወደ መጀመሪያው ገልባጭ መድረስ ይቻላል።

የኩፍኝ ቫይረስ ዘረመል 15,894 «ፊደላት» አሉት። ከሰው ወደ ሰው ሲባዛ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። የላብራቶሪ ባለሙያዎች በብዛት የሚያነቡት ከመካከላቸው 450ውን ነው፤ ልዩነት በብዛት የሚታይባት ክፍል ስለሆነች። በ1998 የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ወጥ የአሰያየም ሥርዓት አወጣ። እስካሁን ከኤ እስከ ኤች ባሉ ስምንት ምድቦች 24 ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የቫይረሶቹ ስም የተገኙበትን ከተማ፣ ሳምንትና ዓመት ይይዛል። የዲ8 ዝርያ ማነጻጸሪያ ከማንቸስተር፣ ከ1994 ዓመት 30ኛ ሳምንት የተገኘ ነው። ከቢ3 ማነጻጸሪያዎች አንዱ ደግሞ በ1997 ከናይጄሪያዋ ኢባዳን የተገኘ ነው።

ሀገራችንም በዚህ መዝገብ ውስጥ አለችበት። በ1998 እና 1999 ከኢትዮጵያ ሕመምተኞች አፍ የተወሰደ ፈሳሽ ተመርምሮ ውጤቱ በ2001 ታተመ። በሀገሪቱ የሚዘዋወሩት ዝርያዎች ተለይተው ታወቁ፤ ከዚያ በፊት ያልተመደበ አዲስ ዝርያም ተገኘ። መርፌ ሳይወጋ፣ ከልጅ ድድ በስፖንጅ ከተጠረገ ምራቅ!

◆ 24ቱ የት ሄዱ?

በ2002 በዓለም ላይ 13 ዝርያዎች ሲዘዋወሩ ተመዝግበው ነበር። በ2018 አራት ቀሩ። ከ2021 ወዲህ የሚገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቢ3 እና ዲ8። ሌሎቹን ያቆማቸው ዋናው ነገር ክትባት ነው። ሰንሰለቱ በየሀገሩ ሲበጠስ የዘር ሐረጉም አብሮ ተቆረጠ።

ይህ የምሥራች ቢሆንም ሥራ ጨምሯል። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ዝርያ ሲገኝ 450 ፊደል ማንበብ ብቻውን መነሻውን ለመለየት አይበቃም። ረዘም ያለ ክፍል ወይም ሙሉ ዘረመሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ናሙናውም በጊዜ መወሰድ አለበት። የደም ምርመራ በሽታው ኩፍኝ መሆኑን ይናገራል፤ ሐረጉን ለማንበብ ግን ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጉሮሮ ወይም የአፍ ናሙና ይፈለጋል። ልጁን ቤት ደብቀን ሽፍታው ሲጠፋ ብቻ ወደ ጤና ጣቢያ ብንወስደው ምስክሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

◆ ወደ ወንድማችን ጥያቄ

ክትባቱ አርጅቷል ወይ? መነሻው በ1954 ቦስተን ውስጥ ከዴቪድ ኤድመንስተን፣ ከአንድ ተማሪ ልጅ የተገኘ ቫይረስ ነው። በ1963 ፈቃድ አገኘ። በዝርያ ምድቡ ኤ ነው። ኤ ዛሬ በተፈጥሮ ሲዘዋወር አይታይም። ታዲያ ቢ3ንና ዲ8ን እንዴት ይከላከላል?

ቫይረሱ ወደ ሰውነታችን ሕዋስ የሚገባው በላዩ ላይ ባለ ፕሮቲን ነው፤ እንደ ቁልፍ አስቡት። ሰውነታችን የሚያጠቃው በተለይ ያንን ቁልፍ ነው። ቫይረሱ ከጥቃቱ ለማምለጥ ቁልፉን ቢሞርደው በሩን መክፈት ያቅተዋል። ስለዚህ በሌላ ቦታ ፊደል ቢስትም ቁልፉ ብዙም አልተለወጠም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያው ክትባት ሁሉንም ዝርያ ይከላከላል። ኮሮና በዚህ በኩል ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው ያሳሳተን።

እንግዲህ ወረርሽኝ ሲነሣ «አዲስ ዝርያ መጣ» ብለን አንሸበር። የተለወጠው ቫይረሱ ሳይሆን ያልተከተበው ልጅ ቁጥር ነው። አንድ ኩፍኝ የያዘው ሰው ጥበቃ በሌለው ማኅበረሰብ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከመቶ 95 ልጅ ሁለት ጊዜ መከተብ አለበት። በሀገራችን የመጀመሪያው በ9 ወር ይሰጣል፤ ከ2019 ጀምሮ ሁለተኛው በ15 ወር ተጨምሯል። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን አስከትቦ ሁለተኛውን ይረሳል። በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ጤና ጣቢያ ያልደረሱ ሕፃናትም አሉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችሁ ገና ወላጅ አይደላችሁም። ግን ታናሽ ወንድም አላችሁ፣ የእህት ልጅ አላችሁ። ዛሬ ማታ የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ ሁለተኛው ሳጥን መሞላቱን እዩ። ባዶ ከሆነ ነገ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። አር-ራዚ ሐስባን ለይቶ ጻፈልን እንጂ የሚያቆመው መድኃኒት አልነበረውም። እኛ አለን።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።