ለወረታ የሚገዛ ፍራሽና ትራስ፡- አመራረጡና አያያዙ

ከዓመታት በፊት ወረታ ለሚኖሩ አክስቴ ከአዲስ አበባ የስፖንጅ ፍራሽ ገዝቼ ላክሁ፡፡ የመረጥኩት በውፍረቱና በጨርቁ አበባ ነበር፡፡ ፍራሹ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከነላስቲኩ የጭቃ መደብ ላይ ተነጠፈ፡፡ ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ሄጄ ስገለብጠው ሆዱ ሻግቶ ጠቁሯል፣ መሐሉም ሰርጉዷል፡፡ አክስቴ አልተቀየሙኝም፡፡ “ልጄ፣ ጠፍሩስ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም” ብቻ ነው ያሉኝ፡፡

እውነታቸውን ነው፡፡ የጠፍር አልጋ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ በጠፍሩ መሐልም አየር ያልፋል፡፡ ስፖንጅ ግን የተኛውን ሰው ላብና ወበቅ ወደ ታች ያሳልፋል፡፡ ከሥሩ አየር ከሌለ እርጥበቱ እዚያው ይቀራል፡፡ ላስቲክ ሲጨመርበት ደግሞ መውጫ ያጣል፤ ሻጋታ ይሆናል፡፡ ሻጋታ አስም ወይም አለርጂ ላለበት ሰው ሕመም ነው፡፡

ፎገራ ላይ ይህ ይብሳል፡፡ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚገቡት በዚህ ሜዳ አቋርጠው ነው፡፡ ጥቁሩ አፈር ውኃ ይይዛል፤ ለሩዙ የተመቸውም ስለዚህ ነው፡፡ ወንዞቹ ሲሞሉ ውኃው ደጃፍ ይደርሳል፡፡ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በአካባቢው ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፡፡ ስለዚህ ወደዚህ አገር ፍራሽ የሚልክ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው “ምን ላይ ይነጠፋል?” ብሎ ነው፡፡ አልጋ ከሌለ በፍራሹ ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምሮ የእንጨት አልጋ ማሠራት ይሻላል፡፡ ርብራቡ በጣም ከተራራቀ ስፖንጁ ይሰምጣል፤ በጣቶች ስፋት ከአራት ጣት ባይበልጥ ጥሩ ነው፡፡

በሚዛን መግዛት

የስፖንጅ ጥንካሬ የሚታወቀው በውፍረቱ ሳይሆን ነጋዴዎች “ዴንሲቲ” በሚሉት ነው፡፡ ይኸውም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው፡፡ ዐዋቂ ሰው ዘወትር ለሚተኛበት ከ25 ባያንስ ይመረጣል፤ ከበድ ላለ ሰው 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፡፡

ይህን ያለ ባለሙያ ማጣራት ይቻላል፡፡ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 0.456 ሜትር ኩብ ነው፡፡ ዴንሲቲው 18 ከሆነ ስፖንጁ 8 ኪሎ ገደማ፣ 25 ከሆነ 11 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ 30 ከሆነ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፡፡ የጨርቁ ክብደት ሲቀነስ ማለት ነው፡፡ እኔ የላክሁት ያኔ ቢመዘን ኖሮ ነገሩ ሱቁ ውስጥ ባለቀ ነበር፡፡ አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፡፡ ከቁርጥራጭ ስፖንጅ ተጨምቆ የተሠራ ፍራሽም ከባድ ስለሆነ ሚዛን ያታልላል፡፡ ዚፑን ከፍቶ ውስጡን ማየት ይገባል፡፡

በጭድ ወይም በጥጥ የተሞላ ፍራሽ ያላቸው ቤቶች ዛሬም አሉ፡፡ ጭዱ በየዓመቱ ቢለወጥና ጨርቁ በፈላ ውኃ ቢታጠብ ነውር የለውም፡፡ ጥጡ ሲጓጉል አውጥቶ ማስነደፍ አዲስ ከመግዛት ይረክሳል፡፡

ትራስ

በጎኑ የሚተኛ ሰው በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ወፈር ያለ ትራስ ያስፈልገዋል፡፡ በጀርባው ለሚተኛ መካከለኛ፣ በሆዱ ለሚተኛ ስስ ይበቃል፡፡ የስፖንጅ ወይም የሰው ሠራሽ ጥጥ ትራስ ለሁለት ታጥፎ ሲለቀቅ ካልተዘረጋ ዘመኑ አልፏል፡፡ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ትራስ አያስፈልገውም፤ ሊያፍነው ይችላል፡፡ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ በጀርባው ማስተኛት ነው፡፡

አያያዝ

ላስቲኩ በመጀመሪያው ቀን ይነሳ፡፡ ፍራሹን በየሦስት ወሩ አዙሮ ራስጌውን ግርጌ ማድረግ መሐሉ ቶሎ እንዳይሰረጉድ ይረዳል፡፡ የጥጥ ፍራሽ ፀሐይ ይወዳል፤ ስፖንጅ ግን ፀሐይ ላይ ሲውል ስለሚፈረፈር ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አቁሞ ማናፈስ ይበቃዋል፡፡ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ አይነከርም፡፡ ኩራዝና ሻማም ይራቁት፤ አንዴ ከተያያዘ በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው፡፡

ትኋን ሲገባ ብዙዎች ለሽንኩርትና ለቲማቲም የተገዛውን የማሳ መድኃኒት ፍራሽ ላይ ይረጫሉ፡፡ ይህ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው፡፡ መርዙ ስፖንጁ ውስጥ ይቀራል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ደግሞ ልጅ ነው፡፡ አንሶላና ሽፋን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ የአልጋውን ስንጥቅ ሁሉ በፈላ ውኃ መቀቀል፣ በየሳምንቱም መደጋገም ይሻላል፡፡

አጎበር

ፎገራ ወባማ ስለሆነ መኝታ ያለ አጎበር አይሞላም፡፡ ጠርዙ በፍራሹ ሥር ዙሪያውን መወተፍ አለበት፡፡ ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ ግን ይህ ያስቸግራል፤ አልጋ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፡፡ አጎበሩ ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል፡፡ መድኃኒቱ ዓሣ ስለሚጎዳ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይታጠብም፡፡ በ1997 ዓ.ም. በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ሲታወቅ ከተጋላጭነት ምክንያቶች አንዱ ሌሊት ደጅ፣ ግራር ሥር መተኛት ሆኖ ተገኝቷል፡፡ እህል ለመጠበቅ ደጅ የሚያድር ሰው ካለ አጎበሩ ለእሱም ያስፈልጋል፡፡

ሕጉስ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ዕቃው ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፡፡ ገዢው ግን ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያውኑ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፡፡ ስለዚህ ዴንሲቲው ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ቃል ይረሳል፡፡ ፍራሹም አውቶቡስ ላይ ከመጫኑ በፊት ይመዘን፡፡ እኔ መስከረም ላይ ልከራከር ብነሳ በእጄ የነበረው “አንድ ፍራሽ” የሚል ደረሰኝ ብቻ ነበር፡፡

በማግሥቱ ዓመት ለአክስቴ የላክሁት በስፖንጅ ፋንታ የአናጢ ገንዘብ ነው፡፡ አልጋው ከተሠራ በኋላ ፍራሹ ተከተለ፡፡