ካርታው የማን ነው? ከአባ ጎርጎርዮስ እስከ ሀዋሳ መንገዶች



«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ አበው። የአገርን መልክ በካርታ በማስፈር ረገድ ግን ይህ ብሂል ለዘመናት አልሠራልንም። የወንዙን ስምና የተራራውን አቅጣጫ የሚነግረው ኢትዮጵያዊ፣ ካርታውን የሚያሳትመውና ባለመብት የሚሆነው ሌላ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄም ከዚህ አሮጌ ታሪክ የተወለደ ነው፦ ሌላው በመብት አጥሮ የያዘውን የካርታ መረጃ ገልብጦ ለሁሉም ክፍት በሆነ ካርታ ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነውን? መልሱን ሀዋሳ ላይ ቆመን እንፈልገው። አስቀድመን ግን ታሪኩን ከሩቅ እንጀምር።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቬኒስ ዝነኛውን የዓለም ካርታ የሠራው መነኩሴ ፍራ ማውሮ፣ ስለ አገራችን ያሰፈረውን ያገኘው ከዚያው ከተወለዱ ካህናት እንደሆነ፣ አውራጃዎቹንና ወንዞቹንም በእጃቸው ስለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፏል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1652፣ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ጎታ ተጉዘው ለሊቁ ኢዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራቸው ቋንቋ፣ ታሪክና መልክዐ ምድር አስተማሩ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ ስማቸውን በመጻሕፍቱ በአክብሮት አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1683 የወጣው የኢትዮጵያ ካርታ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በሉዶልፍ ስም ነው።

በ1940ዎቹ የኢትዮጵያ መንግሥት የራሱን የካርታና የጂኦግራፊ ተቋም አቋቋመ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የአሜሪካ ጦር የካርታ ባለሙያዎች አገሪቱን ከአየር እያነሡ፣ በሄሊኮፕተር ከተራራ ተራራ እየዞሩ ለኩ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያን አትላስ የመጀመሪያ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተሙትም በዚያው ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1፡50,000 መስፈርት የታተሙት ሉሖች ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ዋነኛ ዝርዝር ካርታዎች ሆነው አገለገሉ። ተቋሙም ስሙ ደጋግሞ ተለዋውጦ፣ ዛሬ በኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ተጠቃሏል።

ሀዋሳ በአንጻሩ ወጣት ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ተቆርቁራ የሲዳሞ፣ ኋላም የደቡብ ክልል መዲና ሆነች፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በጽሑፍ «አዋሳ» ይባል የነበረው ስሟ «ሀዋሳ» ሆኗል። ከተሜው መንገዱን የሚያውቀው በአቶቴ፣ በፒያሳ፣ በአሞራ ገደልና በገብርኤል ነው። ይህን የአፍ ካርታ የወረቀቱ ሉሕ ተከትሎ ሊደርስበት አልቻለም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ «ኦፕን ስትሪት ማፕ» የተሰኘውን ክፍት ካርታ ጀመረ። የገፋፋው ምክንያት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአገሩ ሕዝብ ገንዘብ የተሠራው ይፋዊ ካርታ በክፍያና በፈቃድ የታጠረ ነበርና። በዚያች አገር የአሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው ኤኤ የመንግሥቱን የካርታ ተቋም ሥራ ገልብጧል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ሃያ ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቷል። አዲሱ ካርታ እንግዲህ የቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነው፦ ከሌላ ካርታ አትገልብጥ፤ ራስህ ያየኸውን ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህን ብቻ አስገባ።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አንድ የሀዋሳ ወጣት የተቃኘ ሉሕ ወይም የአንድ ኩባንያ የመንገድ ፋይል በእጁ ቢገባ፣ እንደ ኪውጂስ ወይም ጆስም ባለ ነፃ ሶፍትዌር በደቂቃዎች ውስጥ ሊከፍተው ይችላል። ነገር ግን የሶፍትዌሩ ነፃነት መረጃውን ነፃ አያወጣውም። የተዋሱት ጀበና ለጎረቤት ቡና ማፍላት ያስችላል፤ ጀበናውን ለጎረቤት መስጠትን ግን አይፈቅድም። ካርታም በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ምድሪቱም ራሷ ገልባጩን ታጋልጠዋለች። የቆዩት ሉሖቻችን የተመሠረቱት «አዲንዳን» በሚባለው የልኬት መነሻ ላይ ሲሆን፣ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚዎች የሚጠቀሙት ሌላ መነሻ ነው። ልዩነቱን ሳያስተካክል የገለበጠ ሰው ሥራው ከመቶ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተትበታል። የሀዋሳ ሐይቅ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነውና፣ ከሳተላይት ምስል በተሳለው ሐይቅ ዳር የእርሱ መንገድ ውኃ ውስጥ ይገባል!

«መሬቱ የእኛ፣ ግብሩም የእኛ፤ ታዲያ ለምን ፈቃድ እንጠይቃለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቅሬታው እውነት ነው። ነገር ግን መዘዙን እንመልከት። ክፍቱ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈቃድ ውሉን ሲለውጥ፣ በአዲሱ ውል ያልተስማሙ ሰዎች ያስገቡት ሥራ ተሰርዟል። ለገዛ አባላቱ ያልራራ ሕግ ለተሰረቀ መረጃ አይራራም፤ ሲሰረዝም በላዩ የተገነባው የሐቀኞች ድካም አብሮ ይፈርሳል።

በሌላ በኩል የጎግልን «ማፕ ሜከር» እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቶ በአፍሪካ ጭምር በጎ ፈቃደኞች የመንደራቸውን መንገድና ስም ያለ ክፍያ አስገቡበት። በ2017 ሲዘጋ የድካማቸው ፍሬ በኩባንያው እጅ ቀረ። የአባ ጎርጎርዮስ ዕጣ በእኛም ዘመን ተደገመ ማለት ነው፤ ያውም እንደ ሉዶልፍ ስም ጠርቶ የሚያመሰግን ሳይኖር።

በሩን በሐቅ ማስከፈት እንደሚቻል ግን ምስክር አለ። ኤኤንዲ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የአገሩን የመንገድ መረጃ ለክፍቱ ካርታ ሰጠ። ማይክሮሶፍት በ2010 ካርታ ሠሪዎች ከሳተላይት ምስሎቹ ላይ እንዲስሉ ፈቀደ። ጎግልም ራሱ በ2021 የአፍሪካን የሕንፃ መረጃ ወደ ክፍቱ ካርታ መግባት በሚችል ፈቃድ ለቀቀ። ሦስቱም በባለቤቱ ፈቃድ የተደረጉ ናቸው።

እንግዲህ ነጋዴው ኩባንያ ያደረገውን መንግሥት ማድረግ ያቅተዋልን? በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የከተማ ይዞታ እንዲመዘገብ ተደንግጓል። የግለሰብ ይዞታ ምስጢር ይጠበቅ። የመንገድ ስም፣ የክፍለ ከተማ ወሰን፣ የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤት መገኛ ግን ምን ምስጢር አለው? አምቡላንስ በሌሊት ወደ ሀዌላ ቱላ ሲጠራ የሾፌሩ ካርታ ባዶ ቢሆን፣ ጉዳቱን የሚከፍለው በመብት ክርክሩ ውስጥ የሌለው በሽተኛ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችንን ወደ ባለመብቱ ደጅ በይፋና በጽሑፍ እናቅርብ። እስኪመለስ ድረስም በእግራችን እንዙር፤ ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን በዓይናችን አይተን፣ የሰፈሩን አዛውንት ጠይቀን እንመዝግብ። ሰርዶው የእኛ ነው፤ በሬውም ከተበደረ ይልቅ የራሳችን ቢሆን ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።