ሁለት ዐይን ያለው ሥዕል፤ በወሎ ምድር ስለ ፊልምና ስለ ምጽዋት

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ በሚወጣው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው አንድ የታወቀ ትርኢት ሳያይ አያልፍም፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያን በሚታነጽበት ስፍራ አጠገብ አንድ ካህን ወይም አንድ ዲያቆን የታቦቱን ባለቤት ሥዕል ከፊቱ አቁሞ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ መኪና በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ በቅዱሱ ስም ሲለምን ነው። አውቶቡሱ ዝግ ሲል ተሳፋሪው ከኪሱና ከመቀነቱ ጫፍ እየፈታ ለረዳቱ ያቀብላል፤ ረዳቱም የተሰበሰበውን በመስኮት ወደ ጃንጥላው ይወረውራል፤ ዒላማውን ስቶ አቧራው ላይ የተንከባለለ ሳንቲም ሲኖር ሕፃናት ሮጠው ያነሡታል፤ የሚያነሡትም ወደ ጃንጥላው ሊመልሱት ነው። ከሰጪዎቹ መካከል በዚያች ቅጽበት ችግረኛ ያየ አንድም የለም። ሁሉም ያዩት ሥዕል ነው፤ ሥዕሉም የሚያሳየው ፈረሱ ላይ የተቀመጠውን ሰማዕት ወይም ክንፉን የዘረጋውን መልአክ ነው።

ፊልም እያሳዩ ለምግባረ ሠናይ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ማለትም ማኅበረሰቡን በአንድ አዳራሽ ወይም በአንድ ሜዳ ሰብስቦ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ካሳዩ በኋላ የመግቢያውን ዋጋና የተመልካቹን በጎ ፈቃድ ለነዳያን፣ ለሕሙማን፣ ለተፈናቃዮች ማዋል፣ በዘመናችን በብዙ ሀገር የተለመደ ሥርዓት ሆኗል። በአዲስ አበባም ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የተባለው ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረው አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ዘጋቢ ፊልሞችን እየመረጠ ሕዝብ በማኅበራዊ ጉዳይ ላይ እንዲነጋገር መንገድ ከፍቷል። እንዲህ ያለው በዓል በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ቢታሰብ ግን፣ አዘጋጁ ከሌላው ስፍራ አዘጋጅ ይልቅ ጠለቅ ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ እንደ ወሎ ሕዝብ በሥዕሉ ብዙ ገንዘብ የተሰበሰበበት፣ ያንኑም ሥዕል ራሱ ሳያየው የቀረ ሌላ ሕዝብ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ዝናብ ከድቶት፣ በሬውን ሸጦ፣ ለዘር ያስቀመጠውን በልቶ፣ ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳናው ሲወርድ መንግሥት ነገሩን በዝምታ ሊያልፈው ይሞክር ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከእነርሱም መካከል መስፍን ወልደ ማርያም፣ ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ባሳዩ ጊዜ ነበር የረኃቡ መልክ ለአዲስ አበባ ተማሪ የተገለጠው። ከዚያም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረኃብ» የተሰኘ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በፊልሙ ውስጥ ሐተታው ጥቂት ነው፤ ካሜራው ከተኛው ወደ ተቀመጠው፣ ከእናት ወደ ልጅ በዝግታ ያልፋል። ተመልካቹም ብዙ ሳይቆይ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ አዋጣ፤ በዚህም ገንዘብ የዳነ ነፍስ ብዙ ነውና ይህ ጸሐፊ ፊልሙን ሊነቅፍ አልተነሣም።

ነገር ግን ካሜራ የሚያየው መንገድ ያደረሰውን ብቻ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረኃብ ጥናቱ ውስጥ ለኢትዮጵያ ረኃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶ ስለ ወሎ እንዳስረዳው፣ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በእጅጉ አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ገበሬው ያጣው የሚገዛበትን አቅም ነበር። ደግሞም ከሰሜን እስከ ደቡብ በተዘረጋው አውራ ጎዳና ዳር የተሰበሰበው ተራቢ በዓለም ፊት ሲታይ፣ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጉዳቱ እጅግ የከፋው በምሥራቁ ቆላ ባለው በአፋር አርብቶ አደር ላይ ነበር። የተጫነ እህል በአንድ አቅጣጫ፣ የተራበ ሰው በሌላ አቅጣጫ በአንድ መንገድ ሲተላለፉ ሥዕል አንሺው ሁለተኛውን አነሣ። የእህል መኪና ማንንም አያስለቅስም።

ፊልሙ ለሁለተኛ ጊዜ ያገለገለው ለሌላ ጉዳይ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣና የሠርግ ሥዕሎች ጋር አፈራርቆ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አንድ ፊልም በአንድ ዓመት ውስጥ በለንደን ምጽዋት ሰብሳቢ፣ በአዲስ አበባ ዙፋን ገልባጭ ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ከዋና ከተማዋና ከአካባቢዋ እምብዛም ባልራቀበት በዚያ ዘመን የወልድያ ነጋዴ፣ የመርሳ አትክልተኛ ወይም የሀብሩ ገበሬ የገዛ ወገኑን ሥዕል በየት በኩል ሊያየው ይችል ነበር?

ከዐሥር ዓመት በኋላም ታሪኩ እጅግ ሰፍቶ ተደገመ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረምና ከመቀሌ ያመጡት ዘገባ ታየ፤ በዓለም ዙሪያም ከ400 የሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው ላይቭ ኤይድ በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ላይ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዜማዎች አንዱን ቀንሶ የካናዳ ቴሌቪዥን ያቀናበረው የረኃብ ፊልም እንዲታይ ጊዜውን ለቀቀ፤ ከሙዚቃው ሁሉ ይልቅ የሰውን ልብ የነካውም ያ አጭር ፊልም ነው ሲባል ኖሯል። በፊልሙ ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ሆና የታየችው የትግራይዋ ሕፃን ብርሃን ወልዱ ተርፋ አደገች፤ ከሃያ ዓመት በኋላም በ1997 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ላይቭ ኤይት በተባለው ትርኢት ላይ፣ የሕፃንነት ሥዕሏ ከበስተኋላዋ ተሰቅሎ ሳለ፣ በሕዝብ ፊት በእግሯ ቆመች። በዚህ ረዥም ታሪክ ውስጥ የተነሣችው ልጅ መልሳ ተመልካቾቿን ያየችበት ቅጽበት ያ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሆነው በባዕድ ሀገር ነው። ከእርሷ አስቀድሞ በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም የኢትዮጵያ ከያንያን በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞሩ ለተደረገው ርዳታ ምስጋና አቅርበዋል፤ ያ ጉዞ በሙዚቃው እንጂ በአሳቡ እምብዛም ሲወሳ አይሰማም። መሐመድ አሚን ደግሞ በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን አጣ፤ በኅዳር 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ ባሕር ላይ ሞተ። ወሎን ለዓለም ያሳየች እጅ በዚሁ ሀገር ቀርታለች።

የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታ ካለም የሚያርፈው በሥዕሉ አኳኋን ላይ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ገጻቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ ኃጥኣን፣ ከሓድያንና አጋንንት ግን በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ይህ ልማድ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ዓለማዊውን ሥዕል ሳይቀር ገዝቷል፤ በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ የእኛ ሠራዊት በሁለት ዐይን፣ የጣልያን ሠራዊት በአንድ ዐይን መሣሉን ያላስተዋለ የለም። ትርጓሜውም ቀላል ነው፤ ሁለት ዐይን ያለው ሥዕል የሚያየውን ሰው መልሶ ያየዋል፤ አንድ ዐይን ያለው ግን ሲታይ ብቻ ይኖራል። ከዚህም በላይ ሥዕለ አድኅኖ መጋረጃ አለው፤ በተወሰነ ጊዜ ይገለጣል፣ ሲያበቃም ይሸፈናል። የረኃቡ ፊልም ወሎዬውን ያለ መጋረጃና በአንድ ዐይን አሳየው፤ ስሙ ያልተጠየቀ፣ ቋንቋው ያልተሰማ፣ ዐይኑ ካሜራውን አልፎ ወደ ሌላ የሚያይ፣ ለተመልካቹ ርኅራኄ መቀስቀሻ ብቻ የሆነ ሰው አደረገው።

አባቶቻችን ሥዕልንና ምጽዋትን ማገናኘት ያልታወቃቸው እንዳይመስለን። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚሣለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ምስክር ነው፤ 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኩም ጥርኝ ውኃ ቢሰጥ፣ ጥርኟ በሚዛን ላይ ከኃጢአቱ በልጣ ተገኘች። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል የመጣ ምእመን ይህን ታሪክ በግድግዳው ላይ በየተራው እያየ፣ አዋቂው በበትሩ እያመለከተ ሲተርክለት እየሰማ ቆይቶ፣ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ የተሰለፉትን ነዳያን ያገኛቸዋል። ሥዕሉ በውስጥ፣ ችግረኛው በውጭ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የጥቂት እርምጃ ርቀት ለሰጪው የኅሊና ጊዜ፣ ለተቀባዩ የክብር መጋረጃ ይሆናል። በሥዕሉ ላይ ያለው ለማኝ የበላዔ ሰብእ ለማኝ ነው፤ ደጅ የተቀመጠው አባት የራሱን መከራ በግድግዳ ላይ ተስሎ አላየውም። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ለምጽዋት የማዋል ሥርዓት ለወሎ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚለውን አይቀበልም።

በሁለት ዐይን የተነሡ ፊልሞችም አልጠፉም። ዲምብልቢ ወሎን ባነሣ በዓመቱ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን ከተዋናይነት ሙያ ጋር ከማይተዋወቁ ገበሬዎች ጋር ሠራ፤ በዚያ ፊልም ገበሬው ያርሳል፣ ይቈጣል፣ ይከራከራል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሕሙማንን ታሪክ የሚያሳየው ፊልምም፣ ሴቶቹ የደረሰባቸውን በገዛ ቋንቋቸው ራሳቸው የሚናገሩበት ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ ከማዘኑ አስቀድሞ እንዲያዳምጥ ያስገድደዋል። በዚህ አጋጣሚ ካርልሃይንዝ ቦምን ማንሣት ይገባል፤ በፊልም የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የታወቀው ይህ ተዋናይ በ1973 ዓ.ም. በአንድ የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራቡት አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራርዶ ውርርዱን ረታ፤ ያም ሆኖ 1.2 ሚሊዮን ማርክ ተሰበሰበ። እርሱ ግን ገንዘቡን ልኮ በቤቱ አልተቀመጠም፤ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በኤረር ሸለቆ ሥራውን ጀመረ፤ ድርጅቱም በኋላ በወሎ ቦረና ሳይቀር ሠርቷል። ንጉሥ ከዙፋን ባወረደች ሀገር አንድ የፊልም ንጉሥ በፍቅር ተቀባይነት ማግኘቱ ያስገርማል።

ወደ ወልድያና ወደ መርሳ እንመለስ። ለእንዲህ ያለ በዓል ስፍራ አይጠፋም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያው የመቻሬ ስታዲየም ከ25 ሺሕ ሰው በላይ ይይዛል፤ ዩኒቨርሲቲውም በከተማው አለ። ይህ ጸሐፊ ግን ታላቁን ሜዳ አይመርጥም። ሕዝቡ ፊልምን የለመደው በቪዲዮ ቤት ነው፤ በር ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ፣ ጨለማ ክፍል፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ የሚነግርህ! ከዚህ የተሻለ የማኅበረሰብ ሲኒማ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ነጭ አቡጀዲ፣ አንድ ፕሮጀክተርና መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ነው። ፊልሙም ከዚያው ምድር ይገኛል፤ በግራና መስኖ የሚለማው ማሳ፣ የመርሳ ብርቱካንና ማንጎ፣ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሐራ ገበያ የሚያመራው የባቡር ሐዲድ፣ ሁሉም የገዛ ወጣቱን ካሜራ ይጠብቃል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት እጅ በነበሩበት ወራት የደረሰውን መከራ ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው ያገሬው ሰው ነው፤ ስለዚያ የሚሠራ ፊልም ቢኖርም እርሱ ተናጋሪ ሆኖ ይታይበት።

ገንዘቡን በተመለከተ ወሎ ከማንም የሚበደረው ሥርዓት የለም። እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድነት የሚገቡበት፣ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ቅሬ አለ፤ የቅሬው ዳኛ አለ፤ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ አለ። በቅሬ የሚሰጥ ሰው ነገ ተቀባይ መሆኑን ያውቃል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ንፍሮና እንጀራ ሲመጣለት «አብሽሩ» ይባላል እንጂ ማን ምን እንዳመጣ በአደባባይ አይነገርም። ከወለጋ ተፈናቅለው በሀብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ለሰፈሩት ወገኖች የሚሰበሰብ ገንዘብ ቢኖር በቅሬዎች እጅ ይለፍ፤ ከመጠለያው ሰዎች መካከልም ሁለት ሦስቱ ከፊልም መራጮቹ ጋር ይቀመጡና የትኛው ሥዕል ይታይ፣ የትኛው ይሸፈን የሚለውን አብረው ይፍረዱ። በዕለቱም ለእነርሱ ከፊት አግዳሚ ወንበር ይያዝላቸው፤ ከመግቢያው ዋጋም ነፃ መሆናቸው በአዋጅ አይነገር። የምጽዋቱ ሣጥን ከፊልሙ በኋላ፣ ዕንባ ባልደረቀበት ሰዓት፣ በተመልካቹ ፊት ሲዞር ይህ ጸሐፊ ማየት አይወድም፤ ሣጥኑ ገና ሲመሽ በበሩ ይቀመጥ፤ የሚሰጥ ይስጥ፤ የቅሬው ጸሐፊ ቈጥሮ በመዝገቡ ያስፍር፤ ዳኛውም ቁልፉን ወደ ኪሱ ካስገባ በኋላ ጄኔሬተሩ ይነሣ።