ምርመራ ያለ ምክር፦ የሲክል ሴል ሕሙማንና የማኅበረሰቡ ድርሻ

በ1970 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት ስኮት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በአገራቸው የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን አነጻጸሩ። በ1967 በአሜሪካ ሲክል ሴል በተባለው የደም በሽታ የተያዙ 1,155 አዳዲስ ሕሙማን እንደነበሩ ገመቱ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው የሳንባና የቆሽት በሽታ የተያዙት ደግሞ 1,206 ነበሩ። የሕሙማኑ ቁጥር ተቀራራቢ ነው። የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለሁለተኛው በሽታ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ሲሰበስቡ፣ ለሲክል ሴል የተሰበሰበው ግን 100,000 እንኳ አልሞላም። የሲክል ሴል ሕሙማን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ።

ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር። ጄምስ ሄሪክ ማጭድ የመሰሉትን ቀይ የደም ሕዋሳት በ1910 ገልጸዋቸዋል። ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቻቸው በ1949 የበሽታው ምንጭ የተለወጠ ሂሞግሎቢን መሆኑን አሳይተዋል። ኦክስጅን ሲያጥር ይህ ሂሞግሎቢን እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ሕዋሱ ጎብጦና ደርቆ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። ሕመምተኛው አጥንቱ ውስጥ የሚሰማው ስቃይ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሳይንሱ ይህን ያህል ሲያውቅ ሕሙማኑ የጎደላቸው ወገን ነበር። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያም ወገን የሚሆናቸው ማኅበረሰብ የሕክምናው አካል ነው፤ ማኅበረሰቡ የሌለበት ምርመራም ሊጎዳ ይችላል የሚል ነው።

በ1971 ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ድርጅት በነጻ ክሊኒኮቹ የሲክል ሴል ምርመራ ዘመቻ ጀመረ። በየአካባቢው የነበሩ ማኅበራትም በዚያው ዓመት ተሰባስበው አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጉዳዩን ለምክር ቤቱ ባቀረቡት የጤና መልእክት አነሱት፤ በግንቦት 1972 ደግሞ በሽታውን ለመቆጣጠር የወጣውን ሕግ ፈረሙ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የተዘነጋ በሽታ በሁለት ዓመት ውስጥ የመንግሥት አጀንዳ ሆነ።

ችኮላው ግን ዋጋ አስከፈለ። ከ1971 ጀምሮ ማሳቹሴትስን ቀዳሚ ያደረጉ ግዛቶች ምርመራውን በሕግ አስገዳጅ አደረጉት። የአንዳንዶቹ ሕጎች አርቃቂዎች ተሸካሚን ከታማሚ አልለዩም ነበር። ተሸካሚ ጉድለት ያለበትን ዘረመል ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ፣ በተለመደው ኑሮ ጤነኛ የሆነ ሰው ነው። ሆኖም በምርመራ ውጤታቸው ብቻ ሥራ የተነፈጉና የኢንሹራንስ ክፍያ የተጨመረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ የአየር ኃይል አካዳሚውም እስከ 1981 ድረስ ተሸካሚዎችን አይቀበልም ነበር። እኔ ይህን የበጎ ፈቃድ ውድቀት አድርጌ አልወስደውም። የወደቀው ደም ወስዶ ወረቀት የሰጠና ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያላየ አሠራር ነው።

የብሪታንያ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። ኤሊዛቤት አኒዮንዉ በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በብሬንት፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ባለሙያ ሳሉ የሲክል ሴል ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ምንም ማብራሪያ ሳያገኙ እንደሚኖሩ ተመለከቱ። በአገራቸው ሥልጠናው ስላልነበረ አሜሪካ ሄደው ተማሩ። በ1979 ከደም ሐኪሟ ሚሊካ ብሮዞቪች ጋር በብሬንት የምክር ማዕከል ከፈቱ። የሕሙማኑ ማኅበር ሲክል ሴል ሶሳይቲም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው።

ምክር የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ሲሆኑ ልጁ ታማሚ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ «አንዱ ከታመመ ሦስቱ ይተርፋሉ» ብለው ይረዱታል። ዕጣው ግን በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይወጣል። የመጀመሪያው ልጅ መታመም ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። ይህን ለማስረዳት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከባልና ሚስቱ ጋር የሚቀመጥ፣ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳም የማይደነግጥ ሰው ያስፈልጋል። ያለዚያ በብዙ ባህል እናት ለብቻዋ ተወቃሽ ትሆናለች።

ሌላው የማኅበራቱ ትግል ሕመምተኛው እንዲታመን ነው። የሕመሙ ግርሻት በዓይን አይታይም። ድንገተኛ ክፍል ደርሶ ጠንካራ ማስታገሻ በስሙ ጠርቶ የሚጠይቅ ወጣት ብዙ ጊዜ በሱሰኛነት ይጠረጠራል። የእንግሊዝ መመሪያ ከ2012 ጀምሮ ማስታገሻው በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። ያም ሆኖ በ2019 በለንደን አንድ የ21 ዓመት ታማሚ ከተኛበት የሆስፒታል አልጋ ሆኖ ኦክስጅን ለማግኘት የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ለመደወል ተገደደ፤ ሕይወቱም አለፈ። ሞቱ በ2021 የፓርላማ አባላት ቡድን ስለ ሲክል ሴል ሕክምና ጠንካራ ሪፖርት እንዲያወጣ ምክንያት ሆኗል። ጉዳዩ ፓርላማ የደረሰው ቤተሰቡና ማኅበሩ ዝም ስላላሉ ነው።

መድኃኒቱ ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ማሪሊን ጋስተንና ባልደረቦቻቸው በ1986 ባሳተሙት ጥናት በየቀኑ የሚዋጥ ፔኒሲሊን በትንንሽ ልጆች ላይ የሚደርሰውን ከባድ ኢንፌክሽን በ84 በመቶ ቀንሷል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ልጁ ሳይታመም በፊት ከታወቀ ነው። ጋናዊው ሐኪም ክዋኩ ኦኼኔ-ፍሬምፖንግ፣ ራሳቸውም የሲክል ሴል ታማሚ ልጅ አባት፣ በ1990ዎቹ በኩማሲ የጨቅላ ሕፃናትን ምርመራ የጀመሩት ለዚህ ነበር። በአንጻሩ በ2023 መጨረሻ አሜሪካ የፈቀደችው የዘረመል ሕክምና ለአንድ ሰው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ በሽታው ያለባቸው ሕፃናት በሚወለዱበት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የዛሬ መልስ ሊሆን አይችልም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ተሸካሚነት ከከባድ ወባ ስለሚከላከል ዘረመሉ የተስፋፋው ወባ በኖረበት ምድር ነው፤ በደጋው ኢትዮጵያም ብርቅ ነው። ብርቅነቱ ራሱ አደጋ አለው፤ ያላየውን በሽታ የሚጠረጥር ባለሙያ ጥቂት ነው። በምዕራብ ሱዳን፣ በኮርዶፋንና በዳርፉር፣ ግን በሽታው የተለመደ ነው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በአገራቸው የተነሳውን ጦርነት የሸሹ ሱዳናውያን በመተማና በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። በእነዚህ አካባቢዎች የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ እጅና እግሩ ያበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕፃን ሲመጣ ወባ ብቻ ብላችሁ አትለፉት። የሲክል ሴል ምርመራ እዘዙለት፤ ውጤቱ ሲደርስም ለእናቱ በምታውቀው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው አብራችሁ አቅርቡ።