የአሜሪካ «ጡንቻማ» መኪኖች ግብይት፦ ከብረቱ ይልቅ ማስረጃው የሚወደድበት ገበያ

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኪሲሚ ከተማ በተካሄደ ጨረታ አንድ የ1968 ሥሪት ፎርድ ሙስታንግ በ3 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር ተሸጠ። የአጫራቹ ድርጅት 10 በመቶ ክፍያ ሲታከልበት የገዢው ወጪ 3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር ደረሰ። መኪናው የታደሰ አልነበረም፤ አረንጓዴ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ቆርቆሮውም እዚህም እዚያም ዝጓል። ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተሰኘው ፊልም ያሽከረከረውን ይህን መኪና እ.ኤ.አ በ1974 አንድ ቤተሰብ በ6 ሺህ ዶላር ገዝቶ ለዕለት ጉዳዩ ሲገለገልበት ኖሯል። ተዋናዩ በ1977 መኪናውን መልሶ ለመግዛት ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤም ሳይጠፋ ቆይቷል።

ተመሳሳይ ቀለም የተቀባ፣ ሞተሩ በሚገባ የሚሠራ ሌላ የ1968 ሙስታንግ የዚህን ዋጋ ሽራፊ እንኳ አያወጣም። ገዢው ያን ያህል ገንዘብ የከፈለው የሻንሲ ቁጥሩ፣ የፋብሪካው መዝገብና ደብዳቤው መኪናው በእርግጥም ያ መኪና መሆኑን ስለመሰከሩ ነው። በዚህ ገበያ ለመግዛትም ሆነ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው።

በአሜሪካውያን ዘንድ «መስል ካር» የሚባለው፣ በአማርኛ «ጡንቻማ መኪና» ሊባል የሚችለው፣ መካከለኛ መጠን ባለው ባለሁለት በር የቤት መኪና ውስጥ ትልቅ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር በመግጠም የተሠራ ተሽከርካሪ ነው። ብዙዎች ጅማሬውን ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ጋር ያያይዙታል። በወቅቱ ጀነራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ5.4 ሊትር የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም የሚከለክል መመሪያ ነበረው። ጆን ዴሎሪያን የሚገኝባቸው የፖንቲያክ መሐንዲሶች 6.4 ሊትሩን ሞተር ራሱን የቻለ ሞዴል ሳያደርጉ፣ ገዢው ተጨማሪ ከፍሎ በምርጫው የሚያስገጥመው ዕቃ አድርገው በማቅረብ መመሪያውን አለፉት። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 32 ሺህ 450 ጂቲኦዎች ተሸጡ። ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉ። የመድን ዋጋ መናር፣ የ1970ው የአየር ንጽሕና ሕግ እና የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ተደማምረው ዘመኑን እስኪዘጉት ድረስ ፉክክሩ አሥር ዓመት ያህል ዘለቀ።

መሐንዲሶቹ መመሪያውን ያለፉበት መንገድ ግን ለዛሬው ገበያ ትልቅ ጣጣ ትቶ አልፏል። ተራውን መኪና ከብርቅዬው የሚለየው በማዘዣ ቅጽ ላይ የተደረገ ምልክት ብቻ ሆነና፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተራውን ብርቅዬ አስመስሎ ማቅረብ ቀላል ሆነ። በ1970 የፕሊመዝ ባራኩዳ ገዢ 7 ሊትሩን «ሄሚ» ሞተር ለማስገጠም ወደ 870 ዶላር ይጨምር ነበር። በዚያ የሥሪት ዓመት ሄሚ ሞተር የተገጠመላቸው ባራኩዳዎች 652 ድፍን ጣሪያ እና 14 ተከፋች ጣሪያ ብቻ ናቸው። ከቀጣዩ የ1971 ሥሪት አንድ ተከፋች ጣሪያ መኪና እ.ኤ.አ በ2014 በሲያትል ጨረታ 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር አውጥቷል። አነስተኛ ሞተር የተገጠመለት ባራኩዳም አካሉ ያው ነው። በዚህ የዋጋ ልዩነት መካከል አስመሳይ ባይበቅል ነበር የሚገርመው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የሚጀምረው ከሻንሲ ቁጥሩ ነው። ዛሬ በዓለም የሚሠራበት ባለ17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር የመጣው በ1981 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱ አጻጻፍ ነበረው። በክራይስለር ምርቶች አምስተኛው ምልክት የሞተሩን ዓይነት ይናገራል፤ በ1970 እና 1971 ሥሪቶች «አር» የተሰኘው ፊደል ሄሚን ያመለክታል። ፎርድም በዚሁ ስፍራ የሞተር ምልክት ያስቀምጥ ነበር። ሸቭሮሌ ግን እንዲህ ግልጽ አይደለም። 450 የፈረስ ጉልበት የነበረው የ1970 ሸቬል ኤስኤስ ሻንሲ ቁጥር መኪናው ባለስምንት ሲሊንደር ማሊቡ መሆኑን ብቻ ይናገራል እንጂ ስለ ኤስኤስነቱ ምንም አይልም። የ1964 እና የ1965 ጂቲኦም እንዲሁ በቁጥሩ ብቻ ከተራው ለማንስ አይለይም።

ቀጥሎ የሚታየው ሞተሩ ነው። ከ1968 ሥሪት ወዲህ ፋብሪካዎች የሻንሲ ቁጥሩን ከፊል በሞኖብሎኩ ላይ ይመቱ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ከተስማሙ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በዚያው ሞተር ነው ማለት ሲሆን፣ ይህም ዋጋውን በእጅጉ ከፍ ያደርገዋል። አጭበርባሪዎችም ይህንን ስለሚያውቁ የሌላ መኪና ሞኖብሎክ ፈልገው አሮጌውን ቁጥር በመሞረድ አዲስ ይመቱበታል። ባለሙያ ይህን የሚይዝበት መንገድ አለው፤ በሸቭሮሌ ሞተሮች ላይ ቁጥሩ የሚመታበት ገጽ በፋብሪካው ማሽን ሲላግ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይቀሩበታል። በድጋሚ የተሞረደ ገጽ እነዚህ መስመሮች አይኖሩትም። ሞኖብሎኩ የተቀለጠበት ቀንም በላዩ ላይ በቅርጽ ስለሚወጣ፣ መኪናው ከተገጣጠመ በኋላ የተቀለጠ ሞተር የዚያ መኪና ሊሆን አይችልም። የከብት ገበያን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በሬ የሚገዛ ገበሬ ዕድሜውን ደላላውን አይጠይቅም፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል።

ቁጥሩ የማይናገረውን ወረቀት ይናገራል። ከሁሉም የሚፈለገው መኪናው ሲገጣጠም ሠራተኞች ይመሩበት የነበረው የፋብሪካ ዝርዝር ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ በኋላ ወንበር ስፕሪንግ ውስጥ ወይም በነዳጅ ታንከሩ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። የፖንቲያክን የምርት መዝገብ ፒኤችኤስ፣ ከ1967 ወዲህ ያለውን የፎርድን መዝገብ ደግሞ ማርቲ የተሰኙት ድርጅቶች በክፍያ ይሰጣሉ። በካናዳ የተሸጡ የጀነራል ሞተርስ መኪኖች መዝገብ የሚገኘው በካናዳው ቅርንጫፍ ነው። በአሜሪካ የተሸጡ የሸቭሮሌ ገዢዎች ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም፤ በመሆኑም የሐሰት ሸቬልና ካማሮ ሥጋት ከሌሎቹ ይበረታል።

ከማስረጃው ቀጥሎ የገዢን ኪስ የሚያራቁተው ዝገት ነው። በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቆርቆሮ ይበላል፤ እንደ አሪዞና ካሉ ደረቅ ግዛቶች የመጣ መኪና የሚመረጠው ለዚህ ነው። የወለሉ፣ የሻንጣ ማስቀመጫው ሥር፣ የኋላ ፓራፋንጎው ታችኛው ክፍልና ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለው ስፍራ ተለይተው መታየት አለባቸው። በቪኒል የተሸፈነ ጣሪያ ከሥሩ የበሰበሰ ብረት ሊደብቅ ይችላል። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት ይዞ መዞር ቀላልና ርካሽ ዘዴ ነው፤ ማግኔቷ የማትይዝበት ቦታ ላይ ስቱኮ ተሞልቷል። ሞተርና ካምቢዮ መጠገን የታወቀ ወጪ ነው፤ የባትላሜራና የቀለም ሥራ ግን ማብቂያው አይታወቅም። ጠቅላላ እድሳት መኪናው ታድሶ ከሚያወጣው በላይ መፍጀቱም የተለመደ ነው።

ለሻጭም ከዚህ የሚመነጭ ምክር አለ። መጋዘን ውስጥ የቆየ ያልተነካ መኪና ያለው ሰው ለማሳመር ብሎ ቀለም ለመቀባት መቸኮል የለበትም። የፋብሪካ ቀለም፣ የመጀመሪያው ወንበርና የድሮ ደረሰኞች አንድ ጊዜ ከተጣሉ አይመለሱም። ዝገቱንም ፎቶ አንስቶ ማሳየት ይበጃል፤ ጉድለቱን ያሳየ ሻጭ የቀረውን ሲናገር ይታመናል። አስመስሎ የተሠራ መኪናን መሸጥም በራሱ ነውር የለውም፤ አስመሳይነቱ በግልጽ ከተነገረ ተመጣጣኝ ዋጋ ያገኛል፣ ሳይጨነቁ ለመንዳትም ይመቻል።

መሸጫ ስፍራው በርካታ ነው። ሜከም በኪሲሚ፣ ባሬት ጃክሰን በስኮትስዴል በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ትልልቅ ጨረታ ያካሂዳሉ። አንዳንዱ መኪና ዝቅተኛ የመነሻ ዋጋ ተቀምጦለት፣ ሌላው ያለ ገደብ ይቀርባል፤ ያለ ገደብ ያቀረበ ሻጭ አዳራሹ ቢቀዘቅዝም መኪናውን ለመስጠት ይገደዳል። በአዳራሽ ጨረታ መኪናውን ነድቶ መሞከር አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ከግለሰብ መግዛት ጊዜ ቢወስድም ለምርመራ ይመቻል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ መኪና ቢገዙ ወደ ሀገር ቤት ለማስገባት ማሰብ የለባቸውም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በባለቤትነት ሰነዱ፣ ማለትም በአሜሪካው ሊብሬ ላይ ያለው ቁጥርና በመኪናው ላይ ያለው አንድ መሆናቸው፣ ሰነዱ በሻጩ ስም መሆኑና የባንክ ዕዳ ያልተመዘገበበት መሆኑ ይጣራል። የሻንሲ ቁጥርን ሆን ብሎ መፋቅ ወይም መቀየር በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ሌባ የሸጠው መኪና በቅንነት ገዝቶ ላደሰው ሰውም ሕጋዊ ባለቤትነት አያስገኝም፤ ከዓመታት በኋላ ቢደረስበት እንኳ ተሰርቆበት ለነበረው ሰው ወይም ካሣ ለከፈለው የመድን ድርጅት ሊመለስ ይችላል። የመድን ውሉም መኪናው ከመረከቡ አስቀድሞ፣ በዓመታት ብዛት በሚቀንስ ግምት ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው በተስማሙበት ዋጋ መፈረም ይኖርበታል።