አንዲት ትንሽ ጀልባ ስንት ሰው በደኅና ትጭናለች?

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች ለሚኖረው ሕዝብ ጀልባ የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለችም። የደቅ ደሴት ነዋሪ ለሕክምናም ሆነ ለገበያ የሚሻገረው በውኃ ላይ ነው። በገበያና በክብረ በዓል ቀን ወደብ ላይ የሚነሣው ጥያቄም አንድ ነው፦ ይህች ጀልባ ስንት ሰው ትችላለች? መልሱ የመቀመጫዎችን ብዛት በመቁጠር አይገኝም።

ሰሌዳው የሚናገረው

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለገበያ የሚቀርቡ የመዝናኛ ጀልባዎች፣ ባለ ሞተርም ሆኑ ባለ ሸራ፣ ከፍተኛውን የሰው ቁጥርና የጭነት መጠን የሚገልጽ ሰሌዳ የመያዝ ግዴታ አለባቸው። ጀልባዎቹ በሚቋቋሙት ነፋስና ሞገድ መጠን በአራት ደረጃዎች ይመደባሉ። ሦስተኛው ደረጃ እስከ 2 ሜትር ለሚደርስ ሞገድ ሲሆን፣ አራተኛው ግን ለተከለለና ጸጥተኛ ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዲት ጀልባ ሰሌዳ ላይ ለጸጥተኛ ውኃ 8፣ ለሞገደኛ ውኃ ደግሞ 6 ሰው ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጀልባዋ ያው ናት፤ የሚለየው የአየሩ ጠባይ ነው።

ሰሌዳ ከሌለስ?

በአሜሪካ ሰሌዳ ለሌላቸው አነስተኛ ጀልባዎች የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ። የጀልባዋ ርዝመትና ስፋት በጫማ ተለክተው ይባዛሉ፤ ውጤቱ ለ15 ይካፈላል። በሜትር ለሚለካ ሰው፣ ርዝመቱን በስፋቱ አባዝቶ ውጤቱን በ0.7 ማባዛት ተቀራራቢ መልስ ይሰጣል። ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ስፋቷ 1.8 ሜትር የሆነች ጀልባ በዚህ ስሌት 6 ሰው ትይዛለች፤ ነጂውም ከስድስቱ አንዱ ነው። ስሌቱ የሚያገለግለው ርዝመታቸው ከ6 ሜትር ገደማ ለማይበልጥ ጀልባዎች፣ ያውም አየሩ ሲረጋጋ ነው። ሞገድ ካለ ቁጥሩ መቀነስ አለበት።

ጭነትም እንደ ሰው ይቆጠራል

በአውሮፓ ስሌት አንድ አዋቂ ሰው 75 ኪሎ ግራም ተብሎ ይታሰባል። አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ ከአንድ ሰው በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ከላይ በተጠቀሰችው ጀልባ የስድስቱ ሰዎች ክብደት 450 ኪሎ ግራም ነው። ሁለት ኩንታል በቆሎ ከተጫነ የሚቀረው 250 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም ነጂውን ጨምሮ ለ3 ሰው ብቻ ይበቃል።

ጀልባ ለምን ትገለበጣለች?

ጀልባ አደጋ ላይ የምትወድቀው ክብደቱ ሲበዛ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ከፍ ሲልና ወደ አንድ ጎን ሲያጋድልም ነው። ተሳፋሪ ሲቆም፣ ጭነት ሲቆለል ወይም ሁሉም አንድ ነገር ለማየት ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ሚዛኗ ይዛባል። በወለሏ የተጠራቀመ ውኃም ወዳጋደለችበት ጎን ስለሚፈስ መገልበጧን ያፋጥናል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ በሌክ ጆርጅ ሐይቅ ላይ ኢታን አለን የተባለች የጎብኚዎች ጀልባ ተገልብጣ 20 ሰዎች ሞተዋል። ተሳፋሪዎቹ 47 ነበሩ፤ ፈቃዷ ደግሞ 48 ተሳፋሪ ይፈቅድ ነበር። መርማሪዎች ግን መጫን የነበረባት 14 ሰው ብቻ እንደነበር ደረሱበት። ቁጥሩ የተወሰነው የአንድ ሰው አማካይ ክብደት ከእውነተኛው አንሶ በተገመተበት ስሌት ነበር፤ ኋላ ላይ የተሠራላት የእንጨት ጣሪያም ክብደቷን ወደ ላይ አውጥቶት ነበር። ስለዚህ ጣሪያ ወይም ከባድ ሞተር የተጨመረባት ጀልባ የቀድሞ ቁጥሯ አያገለግላትም።

የደንገል ታንኳ

ለታንኳ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራም። ደንገል ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ፣ ጠዋት ሁለት ሰው የቻለች ታንኳ ውላ አድራ ላትችል ትችላለች። በየጊዜው ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ የግድ ነው።

ከመሳፈር በፊት

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ሐይቅ ነፋስ ሲነሣ አጫጭርና ተደራራቢ ሞገድ በፍጥነት ይፈጠራል። ስለዚህ ተሳፋሪው የሚከተሉትን ያስተውል፦

• የጀልባዋ ጠርዝ ከውኃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይመልከት፤ ትንሽ ሞገድ የሚያልፈው ከሆነ አይሳፈር።
• ለሕፃናት ጭምር ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ያረጋግጥ፤ ከመነሣቱ በፊትም ይልበሰው።
• ከባድ ጭነት መሐል ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ሰውም በሁለቱም ጎን ተመጣጥኖ ይቀመጥ።
• ጀልባዋ ብትገለበጥ ወደ ዳር ለመዋኘት ከመሞከር ይልቅ እርሷኑ ይዞ እርዳታ ይጠብቅ።

ጀልባዋ ሞልታ ከሆነ የሚቀጥለውን ጉዞ መጠበቅ ይገባል። የገበያ ሰዓት ቢያልፍ ሌላ የገበያ ቀን ይመጣል።