ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድና የፍትሐ ብሔር ሕጋችን

ዛሬ በሳሊተ ምሕረት አካባቢ ቤት የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ያስመዘግባል። የዚህ ግዴታ መሠረት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ነው። የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት በፓሪስ የሕግ መምህር የነበሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ መሆናቸውን ከባለጉዳዮቹ መካከል የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሬኔ ዳቪድ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የልዩ ልዩ አገሮችን ሕግጋት በማነጻጸር ነው። በ1946 ዓ.ም. የሕግ ማርቀቂያ ኮሚሲዮን ሲቋቋም የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን እርሳቸው እንዲያረቅቁ ተደረገ። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ፣ ሕጉ በ3,367 ቁጥሮች ተደራጅቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታወጀ። መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጸና።

የክርክሩ ሁሉ ምንጭ ቁጥር 3347 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ሕጉ ራሱ ካልጠቀሰው በቀር፣ በሕጉ ውስጥ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበረው ልማዳዊ ሕግ ሁሉ ተሻረ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ኢትዮጵያ አውሮጳ በብዙ መቶ ዓመታት የደረሰችበትን ሥርዓት እየተለማመደች እስክትገነባ ልትቆይ አትችልም። አስተያየታቸው ሚዛን የሚደፋ ቢሆንም፣ በሽምግልና የሚዳኘው ገበሬ ልማዱ መሻሩን ከቶ አልሰማም። ይልቁንም የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው ሕጉ ከጸና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. ስለ ነበር፣ ይህን ሰፊ ሕግ በሥራ ላይ የማዋሉ ሸክም የወደቀው በአገር ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤት ባላገኙ ዳኞች ላይ ነበር።

ሕጉ በጊዜ ተፈትኗል። የመሬት ይዞታን የሚመለከተው ክፍል በ1967 ዓ.ም. አዋጆች ተለወጠ፤ የቤተሰቡ ክፍል በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተተካ። የውልና ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት ድንጋጌዎች ግን የዕለት መሣሪያችን ሆነው ቆይተዋል። ሆኖም ቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ገንዘብ በ1952 ዓ.ም. ከፍ ያለ ዋጋ ነበረው፤ ዛሬ ልጅ ለሞተባት እናት የፍትሕ ምልክት እንኳ ሊሆን አይችልም።

ፕሮፌሰር ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1976 የኤራስመስ ሽልማትን ተቀብለው፣ በ1990 አርፈዋል። የውጭ ሊቅ ረቂቅ ሊሰጠን ይችላል፤ ሕጉን ከሕዝቡ ኑሮና ከገንዘቡ ዋጋ ጋር ማስማማት ግን የእኛ የባለሙያዎቹ ዕዳ ነው። ቁጥር 2116ን የሚያነብ ጠበቃም ሆነ ዳኛ ይህን ዕዳ አይስተውም።